ምዕራፍ ስድስት፦ ጭነት ሲታሰር

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ ደባርቅ ላይ ይቆማል። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ የብሔራዊ ፓርኩ በር ናት። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ አስጎብኚ የሚያዘው፣ ጠባቂ ስካውት የሚመደበው፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ የሚቀጠረው እዚሁ ነው። አብሳይ የሚይዝ ደግሞ ከአብሳዩ ጋር ገበያ ወጥቶ ለሦስት ለአራት ቀን የሚበቃ አስቤዛ ይሸምታል፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ የታሸገ ውሃ። ከዚያ ጭነቱ ይታሰርና በቅሎዎቹ ይነሳሉ።

ቱሪስት ተራራውን ጎድቶ ይመለስ ወይስ ሳይጎዳ፣ አብዛኛው ነገር የሚቆረጠው በዚህች ሰዓት ነው። የውሃውን ነገር ብቻ እንመልከት። ስድስት ሰዎች ለአራት ቀን ሲወጡ፣ አንዱ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ቢጠጣ፣ 72 ሊትር ያስፈልጋቸዋል። ባለ አንድ ሊትር ተኩሉ ፕላስቲክ ከሆነ 48 ጠርሙስ ማለት ነው። ሳንቃበር ካምፕ ሲደርሱ ከፊሉ ባዶ ሆኗል፣ ጊች ካምፕ ላይ ደግሞ ባዶው ከሙሉው ይበልጣል። ባዶ ጠርሙስ ክብደት የለውም፤ ቦታ ግን ይይዛል። ስለዚህ ጭነት እንደገና ሲታሰር መጀመሪያ የሚተወው እሱ ነው። ሁለት ጀሪካን፣ ትርፍ ጋዝና አንድ ጠርሙስ የውሃ ማከሚያ (ውኃ አጋር) ይዞ የወጣ ቡድን ግን ከምንጩ ቀድቶ፣ አፍልቶ ወይም አክሞ ይጠጣል፤ የሚጥለውም የለውም። የመጀመሪያው ቡድን ሰዎች ከሁለተኛው የባሰ ልብ የላቸውም። ደባርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሌላ አማራጭ ያሳያቸው ሰው አልነበረም፣ ይኸው ነው።

ይህን ቀድሜ ያነሳሁት ስለ ቱሪስት ኃላፊነት ስናወራ ሁልጊዜ ወደ ኅሊና ስለምንሮጥ ነው። እንግዳው አካባቢን የሚወድ ከሆነ ይጠነቀቃል፣ ካልሆነ ያበላሻል እንላለን። ነገሩ እንደዚያ ቀላል ቢሆን ኖሮ ማስተማር ብቻ ይበቃን ነበር። ኤሚል ዩቫንና ሳራ ዶልኒቻር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በቤታቸው ሳሉ ለአካባቢ ጥበቃ የሚታገሉ ሰዎችን ስለ ዕረፍት ጉዟቸው ጠይቀዋል። እነዚህ ሰዎች ጉዳቱን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሻንጣቸውን ካነሱ በኋላ ግን አደራረጋቸው ከእምነታቸው ጋር አይገጥምም፤ ለዚህም ምክንያት አያጡም። አንዱ ዕረፍት የተለየ ጊዜ ነው ይላል። ሌላው ከእኔ የባሰ የሚያደርግ ስንት አለ ይላል። ሦስተኛው በሌላ ጊዜ የምሠራው መልካም ነገር ይህችን ያካክሳል ብሎ ራሱን ያጽናናል።

ይህ የፈረንጅ ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። ሲያትል ወይም ዋሽንግተን ላይ ቆሻሻውን በየዓይነቱ ለይቶ የሚጥል ወንድማችን ለጥምቀት ጎንደር ሲመጣ የጠጣበትን ላስቲክ በመኪና መስኮት ይወረውራል። ለገና ላሊበላ የሚወጣው የአዲስ አበባ ጎብኚም እንዲሁ ነው፤ ግቢው ውስጥ አንዲት ፌስታል ወድቃ ማየት የማይወድ ሰው የከተማዋን አፋፍ በፌስታል ሞልቶት ይመለሳል። ሁለቱም ባለጌዎች አይደሉም። ቤታቸው ሲሆኑ የቆሻሻ መጣያው፣ ጎረቤቱ፣ ቅጣቱ፣ ልማዱ ይዟቸው ነበር። እዚህ የያዛቸው ነገር የለም።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ድምፁን እስከ የት ዝቅ እንደሚያደርግ የሚነግረው የለም፤ ቀድሞ የተቀመጠውን አይቶ እንደዚያው ይሆናል። እንግዳ አገር የገባ ሰውም በዚሁ ዓይን ነው ዙሪያውን የሚያየው። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ አሪዞና፣ ድንጋይ የሆኑ ጥንታዊ ዛፎች በሚገኙበት ብሔራዊ ፓርክ ያደረገው ሙከራ ይህን ወለል አድርጎ ያሳያል። ጎብኚዎች የዛፎቹን ስባሪ እየሰረቁ ስላስቸገሩ ተመራማሪዎቹ ምልክት የተደረገባቸው ስባሪዎች በየመንገዱ አስቀመጡ፤ ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያም አቆሙ። አንደኛው ብዙ ጎብኚዎች ስባሪ እየወሰዱ ፓርኩን እንደጎዱት የሚያማርር ነበር። ሁለተኛው እባካችሁ አትውሰዱ ብቻ ይላል። ብዙ ሰው ይሰርቃል የሚለው ማስታወቂያ በቆመበት 8 ከመቶ የሚጠጋው ስባሪ ተወሰደ። አትውሰዱ የሚለው በቆመበት ግን 2 ከመቶ እንኳ አልሞላም። እሮሮው ራሱ ለስርቆቱ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒም ተሞክሯል። ኖህ ጎልድስታይን፣ ቻልዲኒና ግሪስከቪሸስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ሆቴል መኝታ ክፍሎች ውስጥ ስለ ፎጣ የተለያየ መልእክት ለጠፉ። አካባቢን ለመጠበቅ ሲሉ ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ የሚለውን አይተው እሺ ያሉት 35 ከመቶ ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ እንግዶች ደግመው ይጠቀማሉ ሲባሉ ወደ 44 ከመቶ ከፍ አለ። በዚሁ ክፍል ያረፉት አብዛኞቹ ደግመው ተጠቅመዋል የሚለው ደግሞ ወደ 49 አደረሰው። ሰው የሚከተለው ከእሱ በፊት በዚያችው አልጋ ላይ የተኛውን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ተራሮች ጉዳይ ይመጣል። ካምፕ ደርሶ ከአስታ ቁጥቋጦ ሥር ነጭ ሶፍት ተበትኖ ያየ ሰው፣ ማታ ባትሪ ይዞ ወደዚያው ይሄዳል፤ ጉድጓድም አይቆፍርም። ጊችን የመሰለው ካምፕ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ብርዱ ስለሚጠና ቆላ ላይ በሳምንታት የሚበሰብሰው ነገር እዚህ ወራት ይቆያል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ታጥቦ የሚወርደው ወደ ምንጩ ነው፤ ከምንጩ በታች ከብት የሚያጠጣ፣ እንስራ የሚሞላ ሰው አለ። ስለዚህ ካምፕ ማጽዳት ለዓይን ማማር ሲባል ብቻ የሚሠራ ሥራ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ነገ የሚመጣው እንግዳ ጸባይ የሚቀረጸው ዛሬ በጸዳው መሬት ላይ ነው።

ሌላው ቅርብ ምሳሌ ጭላዳ ነው። ጭላዳ ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ሣር እየነጨ የሚውል እንስሳ ነው፤ ከዝንጀሮ ዘሮች ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። ሰው አይሸሽም። ሳንቃበር አካባቢ መንጋው መሀል ተቀምጦ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ለዚህም ነው አንዳንዱ እንግዳ ቅርብ ይምጣልኝ ብሎ ዳቦ ወይም ብስኩት የሚወረውረው። እንግዳው በማግሥቱ ይሄዳል። የሰው ምግብ የለመደው መንጋ ግን የሚቀረው ገብሱ እየደረሰ ካለው ገበሬ ጋር ነው። ጭላዳ ቀድሞም ቢሆን ማሳ ይገባል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው የሚጠብቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰውን አለመፍራትና እህል መልመድ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ገበሬውን መጠየቅ ይበቃል። አንዲት ቁራሽ ዳቦ የአንድን ልጅ የትምህርት ቀን ልትበላ ትችላለች፤ ወርዋሪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ ግን የለም፤ ካልነገሩት በቀር።

የሚነግረው ማን ነው? ትልቁ ችግር ይህ ይመስለኛል። በእኛ አገር እንግዳ አይገሠጽም። ቤት የገባ ሰው ቢያጠፋ እንኳ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል፤ ከሄደ በኋላ ነው ወሬው የሚነሳው። ይህ ክብራችን ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን ተራራው ላይ ከጥቅም ጋር ተጋብቷል። አስጎብኚው ከደሞዙ ይልቅ ቲፑን ይጠብቃል፤ ስካውቱ የእንግዳውን ቋንቋ አይችልም፤ በቅሎ ነጂው ተራው የሚደርሰው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ የቀጠለው አለመረጋጋት ቱሪስቱን ካራቀው በኋላ ደግሞ ችግሩ ብሷል። ዓመት ሙሉ ሥራ ያጣ አስጎብኚ ያገኘውን አንድ እንግዳ፣ አትርገጥ፣ አትጣል፣ አትስጥ እያለ ሊያስከፋ አይደፍርም። እንግዳው በበኩሉ ዝም ሲባል ልክ ነኝ ብሎ ያምናል። ሁለቱም ጨዋነት ያዙ፤ በመሀል ጅብራው ተረገጠ። ጅብራ ለዓመታት አድጎ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ለፎቶ ተብሎ ከተሰበረ የዓመታት ዕድገት ነው አብሮ የሚሄደው።

መንገድ ዳር የሚጮሁት ልጆችም የዚሁ ዝምታ ክፍል ናቸው። መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ባዶውን ጠርሙስ ፈልገው ነው። ለገጠር ቤት ጠርሙሱ እውነተኛ ዕቃ ነው፤ ዘይት ይገዛበታል፣ ውሃ ይያዝበታል፣ ጠላ ይቀዳበታል። እንግዳውም ቆሻሻውን እንደ ስጦታ መስጠት መቻሉ ደስ ይለዋል። በሁለቱም ወገን ክፋት የለም። ነገር ግን ከመኪና መስኮት በተወረወረ ጠርሙስ ላይ የሚጋፉ ሕፃናት ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚጋፉት፤ ደግሞም ከዚያ ጠርሙስ ቀጥሎ ከረሜላ፣ ከከረሜላ ቀጥሎ ብር ይመጣል። መስጠት የሚፈልግ ሰው ለትምህርት ቤቱ ይስጥ፤ ለልጅ በእጁ መስጠት ግን ልጁን ከክፍል ወደ መንገድ ያወጣዋል።

ፓርኩ ላይ ለደረሰው ጉዳት ሁሉ ቱሪስቱን መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባው ግን የዋሊያ ቁጥር ስለቀነሰ፣ እርሻውና ግጦሹ ስለገፋ፣ በመካከሉም መንገድ ስለተቆረጠ ነው። ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ የፓርኩ ወሰን ተሻሻለ፣ መንገዱ እንዲቀየር ተደረገ፣ ግጦሽ እንዲቀንስ ተሠራ። ጊች የሚባለው መንደር ነዋሪዎችም ቤታቸውን፣ ማሳቸውን፣ የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው ደባርቅ ሰፈሩ። ዛሬ ጊች ላይ ድንኳን የሚተክል እንግዳ የሚተኛው ሰዎች ለዋሊያው ሲባል በለቀቁት አምባ አጠገብ ነው። ይህን ሳያውቅ መጥቶ ሳያውቅ መሄዱ ያሳዝነኛል። ቢያውቅ ኖሮ ሶፍቱን ለመቅበር ለመቆፈር ባልሰነፈ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የእሳቱ ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት፤ ብዙ ቅን እንግዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እንግዳው የጋዝ ምድጃ ይዟል፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት አለው፣ ማገዶ አላነደድኩም ብሎ ይኮራል። ከድንኳኑ ሃምሳ እርምጃ ርቀው ግን ስካውቱና በቅሎ ነጂዎቹ በጋቢ ተጠቅልለው አስታ ያነዳሉ። አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ የዛፍ ዘር የሚባለው በዋናነት እሱ ነው። ያ እሳት የማን ነው? የእንግዳው ነው እላለሁ። ሰዎቹ እዚያ ያደሩት ለእሱ ሲሉ ነው። ኃላፊነት የሚሰማው ጎብኚ ደባርቅ ላይ ጭነት ሲያሳስር የራሱን ብቻ አይቆጥርም፤ አብረውት ለሚሄዱት ሁሉ የሚበቃ ጋዝ፣ ብርድ ልብስ፣ የሚያድሩበት መጠለያ መኖሩን ይጠይቃል።

ኔፓሎች ይህን ቀድመው አስበውበታል። በአናፑርና ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጥበቃ ፕሮጀክት ነዋሪውን ሳያፈናቅል፣ አስተዳደሩን ከመንደር ኮሚቴዎች ጋር ሆኖ የሚሠራ ነው። ከጎብኚው የሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብም ለዚያው አካባቢ ጥበቃና ልማት ይውላል። ጫካው ለእንግዳ ምግብ ማብሰያ እየተመነጠረ ሲሄድ ከቾምሮንግ መንደር በላይ በማገዶ ማብሰል ተከለከለ፤ መንደሩ ውስጥም የነጭ ጋዝ ማከፋፈያ ተከፈተ። ይህ ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያው ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ተሰብስበው ተመሳሳይ የምግብ ዝርዝርና ዋጋ አወጡ፤ እንግዶችም ተመሳሳይ ምግብ በአንድ ሰዓት እንዲያዙ ይመከራሉ፤ ምድጃ አንዴ ተለኩሶ ለሃያ ሰው ይበቃልና። ኋላም በየመንገዱ የተጣራ ውሃ የሚሸጡ ጣቢያዎች ተተከሉ። መንገደኛው የራሱን መያዣ ይዞ ይመጣል፣ ከታሸገው ባነሰ ዋጋ ያስሞላል፣ ገንዘቡም ለመንደሩ ይቀራል። በእኔ እምነት ጭነቱን የሚያቀልለው ይህ ነው፤ እንግዳው ደግ እንዲሆን ለመለመን ጊዜ አላጠፉም፤ ደግ ሥራውን ቀላልና ርካሽ አደረጉት።

ለመሆኑ ይህ ጥበብ ከሂማላያ መምጣት አለበት? ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ባወጣው ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ምድር ነው። ቀሮ በሚባለው ሥርዓት የአስቦና የጌራ ዘሮች የሆኑት ባለርስቶች ሹም መርጠው ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈት ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለማገዶ የሚፈልገው ሁሉ በልኩ ያጭድ ነበር። የደርግ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲያፈርስ ሥርዓቱም ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰቡ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ጎብኚ የሚያድርበት ማረፊያም የማኅበረሰቡ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከሕዝቡ ደንብ በታች ሆኖ ይገባል፤ ሣሩን የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ያለ ጊዜው እንዳይነኩት ያደረጉ ሰዎች ለእንግዳ ደንብ ለመንገር አያፍሩም።

የሚያሳፍረው ዝምታ የሚሰበረውም በዚህ ነው። አስጎብኚው ብቻውን ሲናገር ተቆጣ ይባላል፤ ሕዝቡ ሲናገር ግን የአገር ደንብ ይሆናል። ፓላው የምትባለው ትንሽ የፓስፊክ ደሴት አገር ይህን በመንግሥት ደረጃ አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ወደ አገሪቱ የሚገባ ጎብኚ ፓስፖርቱ ላይ የታተመ ቃል ኪዳን ይፈርማል፤ ቃሉ የሚገባውም ለደሴቶቹ ልጆች ነው። ልጆቹ በጽሑፉ ዝግጅት ተካፍለዋል። ፊርማ ብቻውን ባሕር አያጸዳም፤ ፓላው በሕግም ኮራል የሚጎዱ የፀሐይ ቅባቶችን ከ2020 ጀምሮ ከልክላለች። ይሁን እንጂ እንግዳው ገና ከደጃፍ ሳያልፍ የማን ቤት እንደገባ ይነገረዋል።

ደባርቅ ላይ ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የአስጎብኚዎች፣ የአብሳዮችና የበቅሎ ነጂዎች ማኅበራት ከፓርኩ ጋር ተቀምጠው አንድ ገጽ ደንብ ቢያወጡ፣ ክፍያው ሲፈጸም ለእንግዳው ቢነበብለት፣ የአስጎብኚውም ቲፕ ደንቡን በማስከበሩ እንዳይጎዳ አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ በደረሰኝ ውስጥ ቢካተት ግማሹ መንገድ አለቀ። ቀሪው የዕቃ ጉዳይ ነው። ለሠራተኛው የሚበቃ ጋዝና ብርድ ልብስ በኪራይ መቅረብ አለበት። በየካምፑ ውሃ የሚፈላበትና በሳንቲም የሚሸጥበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ሥራውንም ከጊች ለተነሱት ቤተሰቦች መስጠት ይቻላል። ባዶ ዕቃ መመለሱን የሚያረጋግጥ ሰው ደግሞ መውጫው ላይ መቆም አለበት፤ ሲወጣ ተቆጥሮ የተጫነ ጠርሙስ ሲመለስም ይቆጠር፤ ከጎደለም ቡድኑ ሲነሳ ያስያዘው ተቀማጭ ገንዘብ ለካምፑ ጽዳት ይዋል።